የሚሳብ የአስም መድኃኒት በደም ላይ ምን ያደርጋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሐምሌና ነሐሴ ጉም አንሥቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ የውድማ አቧራ ድረስ፣ በደሴና በዙሪያዋ ባሉ ደጋማ ወረዳዎች አስም ያለበት ሰው ፓፉን ከኪሱ አይለይም። በእነዚህ ወራት ደማቸውን ተመርምረው «ፖታሲየም ዝቅ ብሏል» ወይም «ስኳር ከፍ ብሏል» የተባሉ ሕሙማን መድኃኒቱን መጠርጠራቸው ተገቢ ነው፤ ጥርጣሬው መሠረት አለውና። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎች የሚያቋርጡት ደምን እምብዛም የማይነካውንና በየቀኑ የሚሳበውን መከላከያ መሆኑ ነው፤ የደምን ይዘት ይበልጥ የሚለውጠውን ማስታገሻ ደግሞ በዚያው ልክ ያበዙታል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋነኛነት ይህን መቀያየር ለማረም የተጻፉ ናቸው።

የሚሳብ መድኃኒት የሚሄደው ወደ ሳንባ ነው፤ ታዲያ ደም ውስጥ እንዴት ይገኛል?

ፓፉ ሲጫን ከሚወጣው መድኃኒት፣ አሳሳቡን በሚገባ በሚያውቅ ሰው እንኳ፣ ሳንባ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው አብዛኛው ክፍል ምላስና ጉሮሮ ላይ አርፎ ከምራቅ ጋር ይዋጣል። ሳንባ የደረሰው በስስ የደም ሥሮች በኩል በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ የተዋጠው ደግሞ ከአንጀት ተነሥቶ በጉበት በኩል ማለፍ ስላለበት ብዙው እዚያው ኃይሉን ያጣል። ለምሳሌ ከመከላከያዎቹ መካከል ከተዋጠ ፍሉቲካዞን ከጉበት አምልጦ ወደ ደም የሚደርሰው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ከተዋጠ ቡዴሶናይድ ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ነው።

የሚሳበው መድኃኒት ከክኒን ይልቅ ለደም የሚቀልልበት ሌላው ምክንያት መጠኑ ነው። ማስታገሻው፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ በአንድ ፓፍ 100 ማይክሮግራም ይይዛል፤ ሁለት ፓፍ 0.2 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ባለ 4 ሚሊ ግራም የሳልቡታሞል ክኒን የዚህ 20 እጥፍ ነው። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፣ ደምም ያበላሻል» በሚል ፍርሃት ከፓፍ ወደ ክኒን የሚሸሹ ሰዎች የሚሸሹት ወደሚበልጠው መጠን መሆኑን ቢያውቁት እወዳለሁ።

ሳልቡታሞል ፖታሲየም ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሆኖም አሠራሩን የተረዳ ሰው የሚፈራውን ከማይፈራው ይለያል። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የፖታሲየም መጠን በአብዛኛው ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከሰውነት ፖታሲየም ውስጥ 98 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ፣ በተለይም በጡንቻ ውስጥ ሲሆን፣ ላብራቶሪ የሚለካው ውጭ የቀረውን ጥቂቱን ነው። ሳልቡታሞል የአየር ቧንቧን ጡንቻ የሚያላላው ቤታ 2 የሚባሉ ተቀባዮችን ቀስቅሶ ነው፤ እነዚሁ ተቀባዮች በእጅና በእግር ጡንቻዎችም ላይ ስላሉ፣ ሲቀሰቀሱ ሶዲየምን አውጥቶ ፖታሲየምን ወደ ሕዋስ የሚያስገባው ፓምፕ ሥራውን ያፋጥናል። ከአውድማ ተነሥቶ ወደ ጎተራ እንደ ገባ እህል፣ ፖታሲየሙ ቦታ ለወጠ እንጂ ከሰውነት አልጠፋም።

ለዚህም ነው ለውጡ ጊዜያዊ የሚሆነው። በሁለት ፓፍ የሚመጣው ለውጥ በጣም ትንሽ ነው። በሆስፒታል መድኃኒቱን ወደ ጉም ለውጦ በጭንብል በሚያስተነፍሰው መሣሪያ፣ በኔቡላይዘር፣ ሲሰጥ ግን አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በፓፍ ቢቆጠር ከ25 እስከ 50 ፓፍ ስለሚይዝና ዙሩ ስለሚደጋገም፣ ፖታሲየም በግልጽ ሊወርድ ይችላል። ይህ ባሕርይ መድኃኒትም ሆኗል፦ ኩላሊታቸው ደክሞ ፖታሲየማቸው አደገኛ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሕሙማን ከ10 እስከ 20 ሚሊ ግራም ሳልቡታሞል በኔቡላይዘር ሲሰጥ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሥራት ጀምሮ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ያህል ያወርደዋል። ይህ የሚሆነው በ100 እና በ200 ፓፍ ልክ ባለ መጠን መሆኑን ልብ ይበሉ።

የእጅ መንቀጥቀጥ የፖታሲየም ማነስ ምልክት ነው ብለው የሚጨነቁ አሉ። መንቀጥቀጡ በአብዛኛው መድኃኒቱ ጡንቻን በቀጥታ ስለሚቀሰቅስ የሚመጣ ነው፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥም ይተዋል። የፖታሲየም መውረድን የሚያስጠረጥሩት የጡንቻ መዛል፣ የባት መኮማተርና ምቱን የሳተ የልብ ትርታ ናቸው።

ስንት ፓፍ ሲሆን ነው መስጋት ያለብኝ?

ይህን ጥያቄ በሁለት ከፍዬ እመልሳለሁ። በከባድ ጥቃት ጊዜ መቁጠር ለስስት መሆን የለበትም። ትንፋሽ አጥሮ አረፍተ ነገር መጨረስ ላቃተው አዋቂ ከ4 እስከ 10 ፓፍ በስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል በሚገባ ባዶ ዕቃ)፣ በየ20 ደቂቃው ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት መስጠት የታወቀ የድንገተኛ ሕክምና ነው፤ ይህም ወደ ጤና ተቋም በሚኬድበት መንገድ ላይ ጭምር ይቀጥላል። በዚያ ሰዓት የሚገድለው የኦክስጅን ማጣት እንጂ ለጥቂት ሰዓት የወረደ ፖታሲየም አይደለም። ከተንታ ወይም ከመቅደላ ደሴ ለመድረስ ሰዓታት በሚፈጅበት አገር ይህን ሕሙማን ብቻ ሳይሆኑ ቤተሰቦቻቸውም ሊያውቁት ይገባል።

በሌላው ቀን ግን መቁጠር ግድ ነው። አንድ ማስታገሻ ፓፍ አብዛኛውን ጊዜ 200 ጊዜ ይጫናል። በቀን 8 ጊዜ የሚጠቀም ሰው በ25 ቀን ይጨርሰዋል። ጂና በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ እንደሚለው፣ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ባለ 200 ማስታገሻ መጨረስ ከከባድ ጥቃት፣ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ መጨረስ ደግሞ ከሞት አደጋ ጋር የተያያዘ ነው። ይኸው መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ብቻ እንዲታከሙ አይመክርም። ስለዚህ አዲስ ፓፍ ሲከፍቱ የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ በላዩ ላይ ይጻፉ። ነቅንቆ በድምፁ መገመትም ሆነ ቆርቆሮውን ውኃ ላይ አንሳፍፎ መፈተን የቀረውን መጠን በትክክል አይነግርም።

ስኳሬን ከፍ ያደርገዋል?

ሳልቡታሞል በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጋል። የስኳር ሕመም የሌለበት ሰው ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አመንጭቶ ይመልሰዋል፤ ያ ኢንሱሊን ደግሞ በበኩሉ ፖታሲየምን ወደ ሕዋስ ይገፋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ከኔቡላይዘር በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ከወትሮው የበለጠ ንባብ ሊያይ ይችላል። በአስም ጥቃት ተኝቶ ስኳሩ 200 የተገኘን ሰው «የስኳር በሽተኛ ነህ» ብሎ ማሰናበት ተገቢ አይሆንም፤ ጭንቀቱ፣ ሳልቡታሞሉና በደም ሥር የሚሰጠው ሃይድሮኮርቲሶን የተባለው ስቴሮይድ ሦስቱም ስኳር ይጨምራሉ። ካገገመ በኋላ በጾም መለካት፣ ከተቻለም ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የሚያሳየውን የኤ ዋን ሲ ምርመራ ማድረግ እውነቱን ይለያል። በጾም 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ሲገኝ የስኳር ሕመም ይባላል።

በዱቄት መልክ የሚሳቡ አንዳንድ መድኃኒቶች ላክቶስ የሚባል የወተት ስኳር አለባቸው። መጠኑ በሚሊ ግራም የሚቆጠር ስለሆነ የደም ስኳርን አይለውጥም።

ደጋግሜ ከሳብኩ በኋላ ደረቴ ተከፍቶ ሳለ ትንፋሼ ለምን ይፈጥናል?

ይህ ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው ጉዳይ ነው፤ ሐኪምንም ሕሙምንም ያሳስታል። በከፍተኛ መጠን የተወሰደ ሳልቡታሞል የሕዋሳትን የስኳር አፈራረስ ስለሚያፋጥነው ላክቴት የተባለው የስኳር ተረፈ ምርት በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ደሙም ወደ አሲድነት ያደላል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፍጥነት ያስወጣል፣ ይኸውም ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ሆኖ ይታያል። የደረቱ ፉጨት ቀርቶ፣ ኦክስጅኑም ተስተካክሎ፣ ትንፋሹ ብቻ ከፈጠነ፣ ሌላ ዙር ኔቡላይዘር መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ሲቀነስ ላክቴቱ በአብዛኛው በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው። በቤቱ ያለ ሰው ትንፋሹ ከፈጠነ ላክቴት ነው ብሎ መቆየት የለበትም፤ መታየት አለበት።

በየቀኑ የምስበው መከላከያ ስቴሮይድ ነው ተብያለሁ፤ ደሜን አይጎዳም?

ቤክሎሜታዞን፣ ቡዴሶናይድና ፍሉቲካዞን ስቴሮይዶች ናቸው። ነገር ግን «ስቴሮይድ» የሚለው ስም ሲነሣ ሰዎች የሚያስቡት በክኒን ለረጅም ጊዜ የሚወሰደውን ፕሬድኒሶሎን ስለሆነ፣ የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ተጭኗል። በዝቅተኛና በመካከለኛ መጠን የሚሳብ ስቴሮይድ ፖታሲየምን በጉልህ አይለውጥም፤ በስኳርም ላይ ያለው ተጽዕኖ ትንሽ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መጠኑ ከፍ ሲል ነው፤ ለአዋቂ በቀን ከ800 ማይክሮግራም በላይ ቡዴሶናይድ ወይም ከ500 ማይክሮግራም በላይ ፍሉቲካዞን ፕሮፒዮኔት ከፍተኛ መጠን ይባላል። በዚህ መጠን ለወራት የቆየ ሰው ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ሊቀንሱ ይችላሉ። ይህ የሚጣራው ጠዋት፣ 2 ሰዓት ገደማ በሚቀዳ ደም ነው፤ ኮርቲሶል በተፈጥሮው ጠዋት ከፍ ብሎ ማታ ስለሚወርድ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ናሙና ያሳስታል።

ከፍተኛ መጠን ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ቢያቋርጥ ድካም፣ ማስታወክ፣ የደም ግፊት መውረድና የስኳር መውረድ ሊገጥመው ስለሚችል፣ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። መከላከያውን ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥሙጦ መትፋት በምላስ ላይ የሚወጣውን ነጭ ፈንገስ ይከላከላል፤ የሚዋጠውንም መጠን ይቀንሳል።

የዚህን መልስ ክብደት አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። መከላከያውን በየቀኑ በትክክል የሚስብ ሰው ማስታገሻው የሚያስፈልገው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ስለዚህም ፖታሲየሙና ስኳሩ የሚናጉበት አጋጣሚ ያንሳል። ደሙን ለመጠበቅ ብሎ መከላከያውን የጣለ ሰው መጨረሻው ኔቡላይዘርና ፕሬድኒሶሎን ይሆናል፤ እነዚህ ደግሞ ደምን ከሁሉ በላይ የሚለውጡት ናቸው።

ነጭ የደም ሕዋሴ በዝቶ ኢንፌክሽን አለብህ ተባልኩ፤ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ፕሬድኒሶሎንም ሆነ ብዙ ሳልቡታሞል በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የተጠጉ ነጭ ሕዋሳትን ወደ ዝውውሩ ስለሚያስገቧቸው ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ትኩሳትና ሌላ ምልክት ከሌለ ይህ ብቻውን አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ሕዋሳት ግን በስቴሮይድ ይቀንሳሉ። እነዚህ ሕዋሳት በአስምም በአንጀት ትላትልም ስለሚበዙ፣ በእኛ አካባቢ ከፍ ብለው ሲገኙ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ይገባል።

የልብ ወይም የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አብረው ይሄዳሉ?

ከሁሉ በላይ የምሰጋው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ሽንት የሚያበዙት ላዚክስ (ፉሮሴሚድ) እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣሉ፤ ይህ ከሰውነት የሚወጣ እውነተኛ ኪሳራ ነው። በዚያ ላይ ሳልቡታሞል የቀረውን ወደ ሕዋስ ሲያስገባ፣ ፕሬድኒሶሎንም ሲታከልበት መጠኑ ከ3.0 በታች ሊወርድ ይችላል። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ሲያንስ የዲጎክሲኑ መርዛማነት ይበረታና የልብ ምት ይዛባል። እንዲህ ያለ ሰው ፖታሲየሙ በየጊዜው መለካት አለበት። በዚሁ አጋጣሚ፣ የልብ በር ጥበት ያለበት ሰው ሌሊት የሚያፍነው ትንፋሽ አስም ተብሎ ለዓመታት በፓፍ ሊታከም እንደሚችል አይዘንጋ፤ ፓፍ ምንም የማይረዳው ሰው ልቡ ይታይ።

ቲኦፊሊን ወይም ኤፌድሪን ያለባቸው የአስም ክኒኖችም ፖታሲየምን በዚያው አቅጣጫ ይጎትታሉ፤ ከፓፍ ጋር ደርቦ መዋጥ የልብ ምትን ያፋጥናል። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰውም ፖታሲየም እያጣ ነውና ኦ.አር.ኤስ. ይጠጣ።

ቡናን በተመለከተ፣ ሲኒው አቦል ብቻ ሆኖ ቢቀር አስጊ አይደለም፤ ካፌይን ግን የቲኦፊሊን የቅርብ ዘመድ ስለሆነ እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ከፓፉ ጋር ተደምሮ ልቡ ሊመታበት ይችላል። ከቡናው ይልቅ አስሙን የሚቀሰቅሰው የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ መሆኑም ይታወስ። ጫት ልብን የሚያፋጥንና ግፊትን የሚጨምር ንጥረ ነገር አለው፤ ሐድራ ላይ ጫት እየቃመ በጭሱ ምክንያት ፓፉን ደጋግሞ የሚስብ ሰው ሁለት ቀስቃሾችን በአንድ ልብ ላይ ይጭናል።

ፖታሲየሜን በምግብ ልጠብቀው እችላለሁ?

ሙዝ፣ ድንች፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ቲማቲምና አቮካዶ ፖታሲየም አላቸው፤ የጾም ምግባችን በዚህ ረገድ ደካማ አይደለም። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ምክር እነዚህን አያብዛ። የፖታሲየም ክኒን በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ ለማንም አይገባም።

ደም ልመረመር ስሄድ መድኃኒቱን ላቁም?

አያቁሙ። በጾም ለሚደረግ ምርመራም ቢሆን ፓፍ ምግብ አይደለምና ይሳቡት፤ የሳቡበትን ሰዓትና ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ለሐኪሙና ለላብራቶሪው ይንገሩ። ማስታገሻውን ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት የሚጠየቀው የሳንባን አቅም በሚለካው የስፓይሮሜትሪ ምርመራ ጊዜ ነው።

የናሙናው አወሳሰድም ውጤቱን ይለውጣል። ክንድ በጎማ ታስሮ ጡጫን ደጋግሞ መጨበጥና መክፈት ፖታሲየምን ከጡንቻ ያስወጣና ቁጥሩን በሐሰት ከፍ ያደርጋል፤ በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ የተሰባበረ ደምም እንዲሁ። ሴረሙ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ከሕዋሳቱ ሳይለይ ከጤና ጣቢያ ወደ ሌላ ላብራቶሪ የሚላክ ናሙና ደግሞ በመንገድ ሲቆይ፣ በተለይም በብርድ ሲቆይ፣ ከሕዋሳቱ ፖታሲየም ይፈስበታል። እንዲህ ባለ ምክንያት በእውነት የወረደ ፖታሲየም ጤነኛ መስሎ ሊነበብ ስለሚችል፣ ምልክቱና ቁጥሩ ካልተስማሙ ምርመራውን መድገም ይገባል።

የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ልጠንቀቅ?

መድኃኒትዎ ሪቶናቪር ካለበት አዎን። ሪቶናቪር ፍሉቲካዞንንና ቡዴሶናይድን የሚያመክነውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግደው፣ የተሳበው ስቴሮይድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ፊት ይከብባል፣ ሆድ ይሰፋል፣ ስኳር ይጨምራል፣ የራስ ኮርቲሶል ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ቤክሎሜታዞን የተሻለ ምርጫ ነው። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ይህ ችግር የለበትም። የአስም መድኃኒት የሚያዝልዎት ሐኪም ሌላውን መድኃኒትዎን እንዲያውቅ ማድረግ የምስጢር መውጣት አይደለም፤ የሐኪም ቤት ምስጢር ነው።

በረመዳን እንዴት ላድርግ?

ፓፍ ጾም ይፈታል አይፈታም የሚለውን ለዑለማዎች እተዋለሁ። በሕክምናው በኩል ግን መከላከያው በአብዛኛው በቀን ሁለት ጊዜ የሚሳብ ስለሆነ ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል። ቀን ላይ ጥቃት ከመጣ ማስታገሻው አይዘገይ። ተጠምቶ፣ ተጨንቆ፣ እስከ መግሪብ ታግሦ በመጨረሻ ኔቡላይዘር ላይ የሚወድቅ ሰው ደሙ ላይ የሚደርሰው ለውጥ በጊዜው ከተሳበ ሁለት ፓፍ በእጅጉ ይበልጣል።

እርጉዝ ነኝ፤ ላቁመው?

አያቁሙት። ለፅንሱ የሚያሰጋው የእናቱ ኦክስጅን ማነስ ነው። ኔቡላይዘር በወሰዱበት ቀን የስኳር ምርመራ ካለዎት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ወደ ደም የሚገባውን መጠን ለመቀነስ ቤት ውስጥ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

አለ፤ በስፔሰር መሳብ። ስፔሰር በአፍና በጉሮሮ የሚቀረውን መጠን ስለሚቀንስ የሚዋጠው ያንሳል፣ ወደ ሳንባ የሚደርሰውም ይጨምራል። የሚገዛው ካልተገኘ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ በኬፕ ታውን በሕፃናት ላይ ተደርጎ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሚገባ የተሠራ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከሚገዛው ስፔሰር ጋር ተመጣጣኝ ሆኖ አግኝቶታል። ጠርሙሱን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው ሳይወለውሉት በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ ሲወለወል ላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው የሚስብ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ከዚያም በቂጡ ላይ የፓፉን አፍ ቅርጽ ይዞ፣ ልክ የሚገባበትን ያህል ብቻ ይቅደዱት፤ ዙሪያው አየር እንዳያስወጣ በፕላስተር ይታሸግ። ፓፉን ነቅንቀው በቀዳዳው ያስገቡ፣ የጠርሙሱን አንገት በከንፈር አጥብቀው ይያዙ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑ፤ አዋቂ በቀስታ በጥልቀት ስቦ እስከ 10 ሴኮንድ ያህል ትንፋሹን ይያዝ፣ ልጅ ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ በተለመደው አተነፋፈስ ይተንፍስ። ሁለተኛው ፓፍ የሚጫነው ይህ ካለቀ በኋላ ነው።